ሦስት ቁጥር የሌለበት ማሽን

ማሽኑ ለሰባተኛ ጊዜ ሞተ። ሞይራ ማክአልፒን ስክሪኑ ላይ የቀረውን የመጨረሻ መስመር አነበበችው፤ ያው ነው። ስድስት ፕሮሰሰር ይዞ ተነሣ፣ እንደ ጤነኛ ሠራ፣ አንዱን ፕሮሰሰር ንቀሉልኝ ብሎ ጠየቀ፣ ተነቀለለት። ከዚያ ጸጥ አለ።

እርግጥ በዚህ ሙያ ማሽን ሞተ ብሎ ለቅሶ የሚቀመጥ የለም። ማሽኑ ራሱ መጀመሪያውኑም አልነበረም። የሞይራ መሥሪያ ቤት የሚሠራው ሶፍትዌር አንዱን ትልቅ ሰርቨር ቆራርሶ ሃያ ሠላሳ ኮምፒውተር ያስመስለዋል። ሠራተኞቹ እነዚህን አስመሳዮች "እንግዳ" ይሏቸዋል። እንግዳው ግን አስመሳይ መሆኑን አያውቅም፤ የራሴ ፕሮሰሰር አለኝ ብሎ አምኖ ነው የሚኖረው። ፕሮሰሰሮቼ በስንት ሶኬት ላይ ተቀምጠዋል፣ በየሶኬቱ ስንት ኮር፣ ማለትም ስንት ፕሮሰሰር፣ አለ፣ የእያንዳንዱስ መለያ ቁጥር ስንት ነው ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጠውን ክፍል የምትጠብቀው ሞይራ ናት። ሥራዋ ባጭሩ በወጉ መዋሸት ነው። ውሸቱ አንድ ቦታ ላይ ከተዛነፈ እንግዳው ይሞታል።

በዚህ ሳምንት የሞተው ደግሞ የሙከራ ማሽን ብቻ አልነበረም። ሰሜን ኦንታሪዮ ውስጥ የመንገድ በረዶ ትንበያ የሚሠራ አንድ ደንበኛ አለ። ውሽንፍሩ ሲበረታ ለማሽኑ ፕሮሰሰር ይጨምራል፣ ጋብ ሲል ይቀንሳል። ሰኞም ማክሰኞም ሲቀንስ ሞተበት። ጨው የሚበትኑት መኪኖች የት እንደሚሄዱ ሳያውቁ አርባ ደቂቃ ቆሙ። ሰው አልተጎዳም፤ ደንበኛው ግን በጻፈው ደብዳቤ ላይ አርባ ደቂቃ የምትለዋን ሦስት ጊዜ ደጋግሟታል።

ግሌን ዋርበርተን፣ የክፍሉ ኃላፊ፣ የቤት ጫማውን አድርጎ መጣ። ውጭው ከዜሮ በታች ሃያ አራት ስለሆነ ኦታዋ ዳርቻ፣ ካናታ ያለው ቢሮ በር ላይ ጨው የነካው ቦት ጫማ ተኮልኩሏል፤ ውስጥ የሚዞረው ሁሉ በቤት ጫማ ነው። አለቃ በቤት ጫማ ሲመጣ ድምፁ አይሰማም፤ ይህ ከክረምቱ ችግሮች አንዱ ነው።

"እና?" አላት።

"ሰባተኛው ነው። እዚያው ቦታ ላይ ነው የሚወድቀው።"

"የማን ለውጥ ነው?"

ሞይራ ይህን ጥያቄ ፈርታው ነበር። ጠዋት የለውጦቹን መዝገብ ለሁለት እየከፈለች፣ ይህኛው ግማሽ ጤነኛ፣ ያኛው ሕመምተኛ እያለች፣ እንደገና ለሁለት እየከፈለች ሄዳ ሄዳ አንድ ለውጥ ላይ ደርሳለች። ከሱ በፊት ማሽኑ ይኖራል፤ ከሱ በኋላ ይሞታል።

"የኦሬል ላይ ነው ያረፈው" አለች።

"ገምቼ ነበር። በቃ ሻሪው፤ ከአስራ አንድ ሰዓት በፊት ለደንበኛው ይድረስ። እኔ እስከዚያ ቅጹን እሞላለሁ።"

"የምን ቅጽ?"

"የኦሬል የሥራ ሙከራ ጊዜ ነገ ያልቃል እኮ። ይቀጥል ወይስ አይቀጥል ብዬ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ቶሮንቶ ላለው ዋናው ቢሮ መላክ አለብኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እስከ ሰኞ ድረስ ሐሳቤ ይቀጥል የሚል ነበር።"

"ግሌን፣ አይቼ የፈረምኩለት እኮ እኔ ነኝ።"

"አንቺ በሳምንት አርባ ታያለሽ። የጻፈው እሱ ነው" ብሎ እንደ አመጣጡ ያለ ድምፅ ሄደ።

ኦሬል ሳቡራን ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ፖስተኛ ነበር። በረዶ ላይ ተንሸራትቶ ጉልበቱ ሲበላሽ ሌላው ጡረታውን ይዞ ቤቱ ሲቀመጥ፣ እሱ ኮሌጅ ገብቶ ከልጆቹ እኩዮች ጋር ኮድ መጻፍ ተማረ። ቀስ ብሎ ይሠራል፤ ሁሉንም ነገር ሁለት ጊዜ ያነባል። ሚስቱ ዦዜት የነርቭ ሕመም አለባት፤ የወር መርፌዋ ዋጋ ከቤት ክፍያቸው ይበልጣል። የመሥሪያ ቤቱ የመድኃኒት ኢንሹራንስ ደግሞ የሚጀምረው የሙከራ ጊዜ ባለቀ ማግስት ነው። ይህን የመጀመሪያ ቀን ሳያፍር ለሁሉም ስለተናገረ ቢሮው ውስጥ የማያውቅ የለም። ግሌንም ያውቃል።

ሞይራ የኦሬልን ለውጥ ሻረችና ሙከራውን አስነሣች። ማሽኑ ተነሣ፣ ተነቀለለት፣ ኖረ። የአንድ ደቂቃ ሥራ ሆኖ ተገኘ። የቀረው ደብዳቤው ነው።

ሶፍትዌሩ የአንድ ድርጅት ንብረት አይደለም። ከየአገሩ ሰው ይጽፍበታል፤ እያንዳንዱ ለውጥ ከነምክንያቱና ከነፊርማው ለብዙ መቶ ሰዎች በኢሜይል ይላካል፤ ከጸሐፊው ሌላ የሆነ ሰው ሳይፈርምበትም አይገባም። ስህተት የሚያርም ከሆነ ደግሞ ከደብዳቤው ግርጌ አንድ መስመር ይጻፋል፦ ስህተቱን ያመጣው የትኛው የቀድሞ ለውጥ እንደሆነ፣ ከነመለያውና ከነጸሐፊው። ማንም ይቅርታ ጠይቅ አይልም። መስመሩ ግን ለዘለዓለም እዚያው ይኖራል።

ሞይራ የኦሬልን ስም ግርጌው ላይ ጻፈችና ወደ ምክንያቱ ተመለሰች። "ይህ ለውጥ የተሻረው..." ብላ ቆመች። የተሻረው ለምን? የኦሬልን ኮድ አንብባ እንደገና አነበበችው። ስህተቱን አላገኘችውም። ማሽን የሚገድል ኮድ ሲነበብ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ደስ አይልም። ስክሪኑን አጥፍታ ምሳ ልትበላ ወጣች።

ኦሬል የቢሮው ወጥ ቤት ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ የአተር ሾርባ ከፔርሙዝ እየቀዳ ነበር። እግሩ ላይ ዦዜት የሠራችለት ቢጫ የሱፍ ካልሲ አለ። የሆነውን ሰምቷል።

"ተቀመጪ አለቃ" አላት፤ አለቃው አይደለችም፣ ግን እንዲህ ነው የሚጠራት። "መርዝ የለበትም። ያለኝን መርዝ ኮዱ ውስጥ ጨርሼዋለሁ።"

"አትቀልድ።"

"ካልቀለድኩማ ላለቅስ ነው፤ ሾርባው ይቀጥናል።" አንድ ኩባያ ቀድቶ ገፋላት። "ሻርሽው?"

"አልላክሁትም። ኦሬል፣ መጀመሪያስ ለምን ነካኸው? የድሮው ይሠራ ነበር።"

"የድሮውማ ይቆጥራል። እንግዳው 'ይህን ቁጥር ፕሮሰሰር ለቅቄያለሁ፣ ውሰዱት' ሲል፣ የድሮው ኮድ ቁጥሩን አያነብም፤ የተለቀቀው ከዳር ስንተኛው እንደሆነ ይቆጥራል። ቁጥር ተለጥፎ እያለ መቁጠር አላስቻለኝም። ደግሞ አንቺ አይደለሽ እንዴ በመጀመሪያው ሳምንት 'መለያ ቁጥር ተራ ቁጥር አይደለም' ያልሽኝ? ጽፌ ስክሪኔ ላይ ለጥፌዋለሁ።"

ሞይራ ይህን ያላለችው ሰው የለም። ከፊንላንድ እስከ ብራዚል ቆጥሮ የላከውን ሁሉ በዚህችው አረፍተ ነገር ስትመልስ ኖራለች። በግንቦት ሞንትሪያል ላይ በሚደረገው ጉባኤ የምታቀርበው ንግግርም ስለዚሁ ነው።

"እኔ ፖስተኛ በነበርኩበት ሰፈር" አለ ኦሬል፣ "ሃውቶርን መንገድ ላይ፣ ተጋማሽ ቁጥሮች ባሉበት ወገን፣ አስራ ስድስት ቁጥር የለም። ከአስራ አራት ቀጥሎ አስራ ስምንት ነው። ቁጥር ሰጥተው ሲያበቁ መሬቱ ረግረግ ሆነባቸውና ቤቱን ተዉት። አንድ ክረምት ፈቃድ ስወጣ የተካኝ ሰውዬ አስራ ስድስት ቁጥር ያለ መስሎት ፖስታውን ደረደረና በር እየቆጠረ አደለ።"

"እና?"

"እናማ ከአስራ አራት ወዲያ ያለው ሰፈር በሙሉ የጎረቤቱን ፖስታ ከፈተ። ማዳም ላሮክ የጎረቤቷን የፍቺ ወረቀት አንብባ እኔ እስክመለስ አገሩን አዳርሳዋለች። ሰውዬው ግን 'በትክክል ነው የቆጠርኩት' ይላል። በትክክልማ ቆጥሯል።"

ሞይራ ኩባያውን አስቀመጠች። "የደንበኛው ማሽን ስንት ሶኬት ነው?"

"ሁለት። በየሶኬቱ ሦስት ኮር። የሶፍትዌር ፈቃድ የሚገዙት በኮር ስለሆነ ስድስት ላይ ነው ገንዘባቸው ያለቀው።"

"ሦስት" አለች ሞይራ።

ሰው ሁሉ ሁለት፣ አራት ወይም ስምንት ኮር ነው የሚይዘው። ሦስት የሚይዝ የለም ማለት ይቻላል። የፕሮሰሰር መለያ ቁጥር ሲሠራ ደግሞ ለየሶኬቱ የሚከለለው ቦታ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እያለ ነው የሚሄደው፤ የሦስት ቦታ የሚባል የለም። ሦስት ኮር ላለው ሶኬት የአራት ቦታ ይከለልና አራተኛው ባዶ ይቀራል።

"ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት" አለች በጣቷ ጠረጴዛውን እየነካች። "ሦስት የለም። ሁለተኛው ሶኬት የሚጀምረው ከአራት ነው። አራት፣ አምስት፣ ስድስት።"

"ሃውቶርን መንገድ" አለ ኦሬል።

ሾርባውን ትታ ተነሣች። እንግዳው ቁጥር ሲጠራ ያ ቁጥር የትኛው ፕሮሰሰር እንደሆነ የሚፈለግበት አንድ አሮጌ ሰንጠረዥ አለ። ማንም አይከፍተውም፤ እሷም ከከፈተችው ዓመታት ሆኗታል። ከፈተችው። ስድስት ፕሮሰሰር ያለው ማሽን ሲመጣለት ሰንጠረዡ ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ብሎ ክፍተት ሳይተው ይሞላል። ይቆጥራል።

ነገሩ ወለል ብሎ ታያት። እንግዳው አምስት ቁጥርን ለቅቄያለሁ፣ ውሰዱት ይላል። የኦሬል ኮድ ቁጥሩን በትክክል ይቀበልና ሰንጠረዡን አምስት የታለ ብሎ ይጠይቃል። ሰንጠረዡ የመጨረሻው ነው ይለዋል። የመጨረሻው ግን አምስት ሳይሆን ስድስት ነው፤ ሥራ ላይ ነው፤ ትንበያ እያሰላ ነው። እሱ ይነቀላል። ከኦሬል በፊት ማንም ሰንጠረዡን አይጠይቅም ነበር፤ ነቃዩ ኮድም ይቆጥራል፣ ሰንጠረዡም ይቆጥራል፣ ሁለት ስህተት ተቃቅፈው በሰላም ሲኖሩ ኦሬል አንዱን አስተካከለው።

ሰንጠረዡን ማን እንደጻፈው መዝገቡን ጠየቀችው። ከአስራ አንድ ዓመት በፊት ይላል። ጸሐፊው ኤም. ካሲዲ፤ አድራሻው ዛሬ የሌለ የቶሮንቶ ድርጅት።

ሞይራ ስሙን አወቀችው፤ የራሷ ነው። ከብሬንዳን ካሲዲ ጋር በትዳር የቆየችው አራት ዓመት ነው። ሰንጠረዡን የጻፈችው የሦስት ወር ልጇ ጭኗ ላይ ተኝቶ፣ በአንድ እጇ ነበር፤ አሁን ትዝ አላት። ሲለያዩ የአባቷን ስም መልሳ ይዛ ኦታዋ መጣች። እዚህ በካሲዲነቷ የሚያውቃት የለም። አፈረች። የዓለምን ሰው አትቁጠር እያለች ስትገሥጽ የኖረችው ሴት ራሷ ቆጥራ አስቀምጣለች፤ ሰዉም ሲሰማት የኖረው ሥራዋን ሳያይ አፏን ብቻ እያየ ነው።

ሰንጠረዡን ለማስተካከል ዘጠኝ መስመር በቃት። የኦሬልን ለውጥ ሳትነካ ሙከራውን አስነሣችው። ማሽኑ አምስት ቁጥርን ለቀቀ፣ አምስት ቁጥር ተነቀለ፣ ኖረ። ደብዳቤውን ጻፈች። ግርጌው ላይ፣ እንደ ልማዱ፣ ስህተቱን ያመጣው የኤም. ካሲዲ ለውጥ እንደሆነ አሰፈረች። እውነት ነው፤ ማንም ግን ምንም አይገባውም።

አስር ሰዓት ላይ ግሌን መጣ።

"የኦሬል ጥፋት አይደለም" አለችው። "አሮጌ ሰንጠረዥ ነው የሳተው። የኦሬል ኮድ ትክክል ነው።"

"የማን ሰንጠረዥ?"

"ካሲዲ የሚባል። ከአስራ አንድ ዓመት በፊት።"

"የት ነው ያለው?"

"የነበረበት ድርጅት ተዘግቷል" አለች። ይህን ስትል ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነበር።

ግሌን አገጩን አሸት አሸት አደረገ። "ጥሩ፣ ማስተካከያው ይላክ። ቅጹን ግን አይቀይረውም።"

"እንዴት አይቀይረውም?"

"ሞይራ፣ ደንበኛው የሚያውቀው ከኦሬል በፊት ይሠራ እንደነበር ነው። ቶሮንቶ ምን ተፈጠረ ሲለኝ ምን ልበል? የሌለ ድርጅት ውስጥ የነበረ፣ የት እንዳለ የማይታወቅ ሰውዬ አጠፋ ልበል? የሙከራ ሠራተኛ አስራ አንድ ዓመት የቆመ ነገር ሳያጣራ ነካ ነው የሚሉኝ።"

"ትክክሉ እሱ ነው እያልኩህ።"

"እሰማሻለሁ። ሰው አምጪልኝ እንጂ። አጥፍቻለሁ የሚል ሰው ሳይኖር ጥፋቱ ኦሬል እጅ ላይ ነው የሚቀረው።" ሰዓቱን አየ። "አስራ አንድ ሲል እልከዋለሁ።"

ክፉ ሰው አይደለም ግሌን። ቅጽ ላይ ባዶ ቦታ ማየት ግን አይችልም።

ማስተካከያው የሌላ ሰው ፊርማ ያስፈልገዋል። ግሌንን ብትጠይቀው ሳያነብ ይፈርማል። ሞይራ ለኦሬል ላከችለት። ኦሬልም እንደ ልማዱ ሁለት ጊዜ አነበበ፤ እሷ ደግሞ የግድግዳውን ሰዓት እያየች ጥፍሯን በላች። ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን እያነከሰ መጣ።

"አንድ ነገር አግኝቼብሻለሁ" አላት። "አራተኛው መስመር ላይ ያለው ማብራሪያ አሁንም 'ተራው' ይላል። 'መለያው' መሆን አለበት።"

አየችው። እውነቱን ነው። አስተካከለችው።

"ሌላው ንጹሕ ነው፤ እፈርማለሁ። ይሄ ካሲዲ ግን አሳዘነኝ" አለ ኦሬል ጠረጴዛዋን ተደግፎ። "ይኼን ሁሉ ዓመት አንድ ሰው አይነግረውም? አንቺ ያኔ ብትኖሪ በመጀመሪያው ቀን ልክ ልኩን ትነግሪው ነበር።"

"ኦሬል፣ ካሲዲ እኔ ነኝ።"

ኦሬል አያት። ከዚያ ስክሪኑን አየ።

"የባሌ ስም ነበር" አለች። "የቀድሞ ባሌ።"

"አሃ።" ጉልበቱን ማሸት ጀመረ፤ ሲያስብ ልማዱ ነው። "እኛ ፖስታ ቤት አንድ ደንብ ነበረን። ሰው ስሙን ሲቀይር፣ ቤት ሲለቅ፣ በድሮ ስሙ የሚመጣውን ለአንድ ዓመት ወደ አዲሱ እናዞርለታለን። ከዓመት በኋላ ግን 'አይታወቅም' ብለን ወደ ላኪው እንመልሳለን።"

"እና?"

"እናማ ያንቺ አስራ አንድ ዓመት አልፎታል። አይታወቅም ነው የሚባለው። ከእኔ አፍ አይወጣም። የሞንትሪያሉ ንግግርሽም አለ።"

ሞይራ ፊቱን አየችው፤ ግሌን ስለ ቅጹ ምንም እንዳልነገረው ከፊቱ ያስታውቃል። የሙከራ ጊዜው ነገ እንደሚያልቅ ያውቃል፤ ነገሩ ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ እንደሚቆረጥ ግን አያውቅም። እሷን ለመደበቅ የዦዜትን መርፌ አሳልፎ እየሰጠ መሆኑንም አያውቅም።

"ፊርማህን አስቀምጥ" አለችው።

"እሺ አለቃ።"

እሱ ወደ ቦታው እያነከሰ ሲመለስ ሞይራ ደብዳቤውን ከፈተችው። ከግርጌው መስመር በላይ እንዲህ ብላ ጨመረች፦ "ኤም. ካሲዲ እኔ ሞይራ ማክአልፒን ነኝ። መለያ ቁጥር ተራ ቁጥር አይደለም እያልኩ ስናገር ኖሬ ሰንጠረዡን ቆጥሬ የሞላሁት እኔ ነኝ። የኦሬል ሳቡራን ለውጥ ትክክል ነበር፤ ስህተቴን ያወጣው እሱ ነው።" አነበበችው። የኦሬል ፊርማ ሲደርስ ከስሟ ሥር አስገባችና ለሁሉም ላከችው። ከፊንላንድ እስከ ብራዚል ደረሰ ማለት ነው።

ለአስራ አንድ አራት ደቂቃ ሲቀረው የግሌን ቢሮ በር ላይ ቆመች። ቅጹ ስክሪኑ ላይ ተከፍቷል። ከጎኑ የእሷ ደብዳቤ አለ፤ አንብቦታል።

"ካሲዲ የሚባል ሰውዬ አልሽኝ እኮ" አላት።

"ሰውዬ ያልከው አንተ ነህ። እኔ ግን ዝም አልኩህ።"

ግሌን ተነፈሰ። "ምክንያት የሚለው ላይ ምን ልጻፍ?"

"የላክሁትን ገልብጥበት።"

"ስምሽ አለበት እኮ። ቶሮንቶ ያዩታል።"

"ሁለቱም ስሞቼ አሉበት፣ ግሌን። ገልብጠው።"

ገለበጠው። ሞይራ "ይቀጥል" በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጎ እስኪልከው ድረስ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ሄዳ የቀዘቀዘውን ሾርባዋን አሞቀች።